አዲስ ማሽን ከማዘዝ በፊት የማይታየውን ስዊች መመርመር ይገባል

ንግድ እንዲቆም ገንዘብና ዕቃ ያስፈልጋሉ፤ ከዚህም ጋር ቃል ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በጊዜው መድረስ አለበት። ይህን የአራዳ ነጋዴ ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ነገር ነው። በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1894 ዓ.ም.፥ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክ መስመር መዘርጋት ሲጀመር፥ ጥቅሙ ከመንግሥት ሥራ አልፎ ለንግድም የሚተርፍ መሆኑ ውሎ ሲያድር ታየ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሁለት ሰዎች በስልክ እንዲነጋገሩ፥ በማዞሪያው ቤት የተቀመጠ ሠራተኛ የአንዱን ገመድ ከሌላው ቀዳዳ ጋር በእጁ ማገናኘት ነበረበት። ይህ ሠራተኛ ገመዱን ከማይገባው ቀዳዳ ቢሰካው፥ የስልኩ ዕቃ ሳይሰበርና ምሰሶውም ሳይወድቅ፥ የነጋዴው ቃል ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፤ ወይም ከመንገድ ይቀራል።

የዛሬው ነጋዴ እንዲህ ያለውን ሠራተኛ በዐይኑ አያየውም። ሆኖም ሥራው አልቀረም፤ በሰርቨሩ ውስጥ ገብቶ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚከናወን ሆነ እንጂ። ባለሙያዎች «ምናባዊ ስዊች» የሚሉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ስለማይታየው ስዊች ለአስመጪዎች፥ ለላኪዎችና ለባለሱቆች ማስረዳት የሚያስፈልግበት ምክንያት የገንዘብ ጕዳይ በመሆኑ ነው። በስዊቹ ውስጥ በተሳሳተ አንድ ቍጥር ምክንያት፥ በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ማሽን ያለጥፋቱ እየተወቀሰ፥ በላዩ ሌላ ማሽን ሊታዘዝ ይችላልና።

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰው፥ ብዙ ባለሱቆች ወደ ሌላ ሰፈር መዛወራቸው የሚታወስ ነው። ቀድሞ ሱቅና መጋዘን ጎን ለጎን በነበሩበት ጊዜ፥ «ያ ዕቃ ስንት ቀርቷል?» የሚለው ጥያቄ ተላላኪ ልጅ ልኮ በደቂቃ የሚመለስ ነበር። ዛሬ ግን ሱቁ በአንድ ሰፈር፥ መጋዘኑ በመርካቶ ወይም በቃሊቲ፥ ትራንዚተሩም በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚገኝበት የንግድ ቤት ብዙ ነው። የዕቃ ማስገቢያና ማስወጫ ፈቃድም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኤሌክትሮኒክ ነጠላ መስኮት አገልግሎት በኩል የሚጠየቅ በመሆኑ፥ ወረቀት ይዞ ከቢሮ ወደ ቢሮ መመላለስ ቀንሶ በምትኩ የኔትወርክ መስመር የነጋዴው እግር ሆኗል። እግሩ የታሰረ ነጋዴ ደግሞ ዕቃው በወደብ ተቀምጦ የመጋዘን ኪራይ ሲቈጠርበት ይውላል።

በዚህ ምክንያት ሰፋ ያለ ሥራ ያላቸው ቤቶች «የግል ክላውድ» የሚባለውን ማቋቋም ይዘዋል። የግል ክላውድ ማለት በአጭሩ ይህ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጠንካራ ሰርቨሮች በአንድ ክፍል ይቀመጡና፥ በሶፍትዌር አማካይነት እንደ ብዙ ማሽኖች ሆነው ይከፋፈላሉ። አንዱ ክፍልፋይ የሒሳብ መዝገቡን፥ ሌላው የመጋዘኑን ቈጠራ፥ ሌላው ደብዳቤውንና ደረሰኙን ይይዛል። አንዱ ሰርቨር ቢበላሽ ሥራው ወደ ሌላው እንዲዛወር ተደርጎ ስለሚሠራ፥ በደንብ ከቆመ እጅግ ጠቃሚ ነገር ነው።

አሠራሩን ለመረዳት የፒያሳን የድሮ ቤት ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰፊ ቤት በጣውላ ተከፋፍሎ ለወርቅ ሠሪ፥ ለሰዓት አዳሽና ለልብስ ሰፊ ይከራያል እንበል። እያንዳንዱ ተከራይ የራሱ በርና የራሱ ቍልፍ አለው። በመካከል ሁሉም የሚመላለሱበት ኮሪደር አለ፤ ኮሪደሩም በአንድ ትልቅ በር ወደ ጎዳና ይወጣል። ተከራዮቹ ምናባዊ ማሽኖች ናቸው፤ ኮሪደሩ ምናባዊው ስዊች ነው፤ ትልቁ በር ከሰርቨሩ ወጥቶ በግድግዳው ላይ ካለው ከሚታየው ስዊች ጋር የሚገናኘው ኬብል ነው። ኮሪደሩ ከተዘጋ ወይም ትልቁ በር የሌላ ቤት ቍልፍ ከተበጀለት፥ ተከራዮቹ በሙሉ ጤና ተቀምጠው ሳሉ ደንበኛ አይደርስባቸውም። እንዲህ ሲሆን ጣውላውን አፍርሶ ሌላ ቤት መሥራት ሞኝነት መሆኑን ማንም አይስተውም።

በሰርቨር ክፍል ውስጥ ግን ይህ ሞኝነት ሊፈጸም የሚችለው በቀላሉ ነው። መጋዘኑ ከሒሳብ ክፍሉ ጋር መገናኘት ሲያቅተው የመጀመሪያው ፍርድ «ማሽኑ አልቻለም» የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ «ከበድ ያለ ይታዘዝ» የሚል ነው። የብር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ እንደነበረና፥ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ማለፉን የማያስታውስ አስመጪ የለም። በዚህ ዋጋ የሚታዘዝ ሰርቨር ለማያስፈልግ ነገር ከታዘዘ፥ ለሚሸጥ ዕቃ ሊውል የሚገባው ምንዛሪ ያለ ጥቅም ባከነ ማለት ነው። ከዚያም የሚያሳዝነው፥ አዲሱ ማሽን መጥቶ በዚያው በተሳሳተው ስዊች ላይ ሲተከል ችግሩ እንዳለ መቈየቱ ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የንግድ ቤት ተጨማሪ ማሽን ለማዘዝ ከመፈረሙ በፊት ከዚህ በታች የተዘረዘሩት አምስት ነገሮች እንዲመረመሩለት ሊያዝ ይገባል። ነጋዴው መርማሪ እንዲሆን አይጠበቅበትም፤ ምልክቱን ዐውቆ እንዲጠይቅ እንጂ። የፒያሳ ወርቅ ነጋዴ ሚዛን አይሠራም፤ ነገር ግን ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ሳያረጋግጥ ወርቅ አይመዝንበትም።

አንደኛው የቍጥር አለመስማማት ነው። በአንድ ኬብል ላይ የሒሳቡም የመጋዘኑም ወሬ ሲተላለፍ እንዳይደባለቅ፥ ለየክፍሉ ቪላን የሚባል ቍጥር ይሰጠዋል፤ ለዚህ ሥራ የሚውሉት ቍጥሮች ከ1 እስከ 4094 ናቸው። ሒሳቡ 20፥ መጋዘኑ 30 ቢባል፥ እነዚህ ቍጥሮች በምናባዊው ስዊችም፥ በግድግዳው ስዊችም ላይ አንድ ሆነው መጻፍ አለባቸው፤ የግድግዳው ስዊች ፖርትም ብዙ ቍጥር እንዲያሳልፍ፥ ማለት «ትራንክ» ሆኖ፥ መስተካከል አለበት። ከሁለት አንዱ ላይ 30 ቍጥር ከተረሳ የመጋዘኑ ወሬ በሩ ላይ ይቀራል። ምልክቱም ግልጽ ነው፤ በአንድ ሰርቨር ውስጥ ያሉ ምናባዊ ማሽኖች እርስ በርሳቸው ይነጋገራሉ፤ አንዱ ወደ ሌላ ሰርቨር በተዛወረ ጊዜ ግን ግንኙነቱ ይቋረጣል። ይህ ምልክት የታየ እንደሆነ ማሽኑን ከመክሰስ በፊት የሁለቱን ስዊቾች ቍጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ ማስተያየት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የመጠን ጕዳይ ነው። በኔትወርክ ላይ የሚሄደው ወሬ እንደ ዕቃ በጥቅል በጥቅል ሆኖ ነው፤ የተለመደውም የጥቅል ልክ 1500 ባይት ነው። በብዙ የግል ክላውዶች ግን ቪኤክስላን በሚባለው ዘዴ ጥቅሉ በሌላ ጥቅል ውስጥ ተጠቅልሎ ይላካል፤ ይህም 50 ባይት ያህል ይጨምርበታል። አስመጪ ይህንን በቀላሉ ይረዳዋል፤ በልኩ የተሞላ ሣጥን በሌላ ሣጥን ውስጥ ከገባ በኋላ በቀድሞው በር አያልፍም። ስለዚህ ወይም መንገዱ ቢያንስ 1550 ባይት እንዲያሳልፍ መስፋት አለበት፥ ብዙ ባለሙያዎች ለጥንቃቄ 1600 ወይም ከዚያ በላይ ያደርጉታል፤ ወይም የውስጡ ጥቅል ወደ 1450 መቀነስ አለበት። ይህ ካልሆነ የሚታየው ምልክት ሰውን የሚያሳስት ነው። ትንሹ ነገር ሁሉ ይሠራል፤ «ፒንግ» የሚባለው መፈተኛ በደኅና ይመለሳል፤ የይለፍ ቃልም ይቀበላል። ትልቅ ሰነድ፥ ለምሳሌ ባለ ብዙ ገጽ የዕቃ ዝርዝር ሲላክ ግን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ባለሙያው «ፒንግ ሠርቷልና ኔትወርኩ ደኅና ነው» ብሎ ቢሄድ፥ ፈተናው ያልተፈጸመ መሆኑን ማወቅ ይገባል። ፒንጉ ሳይቈራረጥ በትልቅ ጥቅል መፈተን አለበት፤ በ1500 መንገድ ላይ 1472 ባይት ጭኖ ማለፍ የሚችል መሆኑ ይታያል፤ የቀረው 28 ባይት የአድራሻው ክፍል ነው።

ሦስተኛው የሁለት ኬብሎች ነገር ነው። አበው «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» እንዳሉት፥ ከሰርቨሩ ሁለት ኬብል ማውጣት መልካም ልማድ ነው። ሆኖም ሁለቱ ባላዎች እንዴት እንደሚሸከሙ መስማማት አለባቸው። በምናባዊው ስዊች በኩል «ሁለቱ እንደ አንድ ሆነው ይሥሩ» ተብሎ ታዞ፥ በግድግዳው ስዊች በኩል ግን ለየብቻ የተተዉ እንደሆነ፥ ግንኙነቱ አንዴ ይመጣል፥ አንዴ ይጠፋል። ከዚህም የከፋው፥ በሊኑክስ ላይ በሚሠራው ድልድይ ሁለት ኬብሎች ሳይጣመሩና መጠበቂያው ሳይበራ ከአንድ ስዊች ጋር ቢሰኩ፥ ወሬው እየዞረ ራሱን እያባዛ መላውን ቤት ሊያቆም ይችላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ ሥራ በሌለበት ሰዓት አንዱን ኬብል ነቅሎ ማየት፥ እርሱን መልሶ ሌላውን ነቅሎ ማየት ነው። በሁለቱም ጊዜ ሥራው ካልተቋረጠ ሁለተኛው ባላ እውነተኛ ባላ ነው።

አራተኛው የጥበቃ ነገር ነው። ምናባዊው ስዊች እንደ በረኛ ሆኖ የማያውቀውን አድራሻ ይመልሳል። ይህ በራሱ ደግ ነገር ነው። ነገር ግን ክላውዱ በሌላ ምናባዊ ማሽን ውስጥ ለሙከራ የተተከለ እንደሆነ፥ ከውስጠኛው ማሽን የሚወጣው ጥቅል በረኛው ያልመዘገበውን የማክ አድራሻ ይዞ ስለሚመጣ ሳይነገር ይጣላል። በሃይፐር-ቪም ሆነ በቪኤምዌር ይህንን የሚፈቅድ ቅንብር አለ፤ በልማድ ግን የተዘጋ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በኦፐንስታክ ደግሞ አዲስ ማሽን ሲፈጠር፥ መጀመሪያ የሚሰጠው የጥበቃ ደንብ ከውጭ የሚመጣውን ግንኙነት አይቀበልም። ምልክቱ ማሽኑ ራሱ ወደ ውጭ መድረስ እየቻለ ከውጭ ግን የሚደርስበት ሰው አለመኖሩ ነው። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ችኩል ባለሙያ ችግሩን ለመገላገል ጥበቃውን ሁሉ አንሥቶ ይሄዳል። ሥራው ወዲያው ይጀመራል፤ ቤቱ ግን በሩ ክፍት ሆኖ ያድራል። የደንበኛን ስምና አድራሻ የያዘ ነጋዴ ደግሞ በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 መሠረት ያንን መረጃ የመጠበቅ ግዴታ ያለበት መሆኑን መዘንጋት የለበትም። ለሚገባው ሰው ብቻ በሩን መክፈት እንጂ በሩን መንቀል መፍትሔ ሊባል አይችልም።

አምስተኛው ራስን ከቤት ውጭ መቈለፍ ነው። አንድ ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ የሰርቨሩን ብቸኛ ኬብል ወደ ምናባዊው ስዊች ሲያዛውር፥ እርሱ ራሱ የገባበት መንገድ ያው ኬብል መሆኑን ይረሳል። በሃይፐር-ቪ አስተናጋጁ ማሽን ኬብሉን እንዲጋራ የምትፈቅደውን አንዲት ምልክት ማንሣት፥ በሊኑክስ ላይ ኬብሉን ወደ ድልድዩ ሲያስገቡ የአይፒ አድራሻውን ለድልድዩ አለመስጠት፥ ለዚህ ይበቃል። ወዲያው ሰርቨሩ ከዐይን ይሰወራል። ቪኤምዌር ይህ ችግር ስለሚታወቀው፥ ከ5.1 እትሙ ጀምሮ ማስተዳደሪያውን የሚያቋርጥ ለውጥ ሲደረግ ወደ ነበረበት የሚመልስ ዘዴ አበጅቶለታል፤ ሌሎች ሥርዓቶች ግን ሁሉም እንዲህ አያደርጉም። ስለዚህ ለማስተዳደሪያ የተለየ ኬብልና የተለየ ፖርት መተው፥ እንዲሁም የሰርቨሩ የራሱ መቈጣጠሪያ ፖርት በሌላ መስመር እንዲገናኝ ማድረግ፥ ትንሽ ወጪ ሆኖ ትልቅ ዋስትና ነው።

ይህ የአምስተኛው ዓይነት ስሕተት በትንሽ ቤት ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል፥ በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት ድርጅቶች በአንዱ የደረሰውን ማስታወስ ይጠቅማል። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ፌስቡክና የርሱ የሆኑት ዋትስአፕና ኢንስታግራም ለስድስት ሰዓት ያህል ከዓለም ተቋርጠው ነበር። ድርጅቱ ራሱ እንደገለጸው፥ ነገሩ የተነሣው በተለመደ የጥገና ሥራ ላይ ከተሰጠ አንድ ትእዛዝ ነው። መሐንዲሶቹ ለማስተካከል በፈለጉ ጊዜ፥ የሚጠቀሙባቸው መሣሪያዎች በዚያው በተቋረጠው ኔትወርክ ላይ የተመሠረቱ ሆነው በመገኘታቸው፥ ሰው ወደ ማሽኑ ክፍል በአካል መላክ ግድ ሆነ። ሺህ መሐንዲስ ያለው ድርጅት ቍልፉን ውስጥ ትቶ በሩን ከዘጋ፥ አንድ ባለሙያ ብቻ ያለው የአራዳ ንግድ ቤት ሁለተኛ ቍልፍ ቢያበጅ ፈሪ አያሰኘውም።

ጕዳዩን ዛሬ አጣዳፊ የሚያደርገው ሌላም ነገር አለ። ለዚህ ሥራ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀው ቪኤምዌር በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. ብሮድኮም በሚባል የአሜሪካ ድርጅት ተገዛ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አዲሱ ባለቤት ለዘለቄታ የሚገዛውን ፈቃድ መሸጥ አቁሞ፥ በየጊዜው በሚከፈል ኪራይ ተካው። ኪራዩም በዶላር የሚታሰብ በመሆኑ፥ በብዙ አገር ያሉ ድርጅቶች እንደ ፕሮክስሞክስና ኦፐንስታክ ወዳሉት፥ የፈቃድ ክፍያ ሳይጠየቅባቸው ሊተከሉ ወደሚችሉት ሥርዓቶች መመልከት ጀምረዋል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ቤት ሲቀየር ኮሪደሩም ይቀየራል። በአንደኛው ሥርዓት የተጻፈው የስዊች ቍጥር በሌላው ሥርዓት እንደ ነበረ ተገልብጦ አይገኝም፤ አንዱ በራሱ ዓይነት ስዊች፥ ሌላው በሊኑክስ ድልድይ ወይም በኦፐን ቪስዊች ይሠራል። ስለዚህ የፈቃድ ክፍያ ያተረፈ ነጋዴ ያተረፈውን ገንዘብ በቈመ ሥራ እንዳያጣው፥ ለመዛወሪያው በቂ ጊዜና በቂ ፈተና መስጠት አለበት።

ከላይ የተጻፉት አምስቱ ስሕተቶች ሁሉ የሚገናኙበት አንድ ነጥብ አለ። እያንዳንዳቸው የሚወለዱት በሁለት ሰው ሥራ መካከል ነው። ኬብሉንና የግድግዳውን ስዊች አንድ ሰው ያበጃል፤ ሰርቨሩንና ምናባዊውን ስዊች ሌላ ሰው ያበጃል። ችግር ሲነሣ አንደኛው «በእኔ በኩል ደኅና ነው» ይላል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ይላል፤ ሁለቱም ውሸታሞች አይደሉም። ቍጥሩ በየራሱ ትክክል ሆኖ እርስ በርሱ አልተስማማም። በዚህ መካከል የሚጐዳው ባለገንዘቡ ነው። ለባለሙያዎቹም ፍትሕ ለመስጠት ያህል፥ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የነጋዴውም ጭምር መሆኑን መናገር ይገባል። ሁለቱን ባለሙያዎች በአንድ ቀን አገናኝቶ አያነጋግራቸውም፤ ለፈተና አንድ ሌሊት አይፈቅድላቸውም፤ «ነገ ጠዋት ሱቅ ስለሚከፈት ዛሬ ማታ ይለቅ» ብሎ ያጣድፋቸዋል። የቸኰለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው በእንዲህ ያለው ነው።

መድኃኒቱ ከማንኛውም የንግድ ቤት ጽሕፈት ቤት የሚገኝ ነው፤ እርሱም መዝገብ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የሰርቨሩ ባለሙያ ሁሉን በራሱ ይዞ፥ አንድ ቀን ሌላ ሥራ አግኝቶ ሲሄድ፥ ቤቱ የራሱን ኮሪደር የማያውቅ ባለቤት ይሆናል። ስለዚህ በየንግድ ቤቱ የደብዳቤና የደረሰኝ መዝገብ የሚይዘው ጸሐፊ፥ የኔትወርክ መዝገብ የሚባል አንድ ደብተርም እንዲይዝ ቢደረግ መልካም ነው። በውስጡም የየክፍሉ ቪላን ቍጥርና ስም፥ እያንዳንዱ ኬብል ከየትኛው ሰርቨር ወደ የትኛው የግድግዳ ፖርት እንደሚሄድ፥ የየማሽኑ አይፒ አድራሻ፥ የጥቅሉ ልክ፥ የተፈቀዱት የጥበቃ ደንቦች፥ እንዲሁም ማን በምን ቀን ምን እንደ ለወጠ ይጻፋል። ጸሐፊው ትርጕሙን ሁሉ ባያውቅም ግድ የለም። ጕምሩክ የሚሄደውን የዕቃ ዝርዝር ሲጽፍ ስለ እያንዳንዱ ብሎን አሠራር አይጠየቅም፤ ዝርዝሩ ከዕቃው ጋር መስማማቱን እንጂ። የይለፍ ቃላት ግን በዚህ ደብተር ሊጻፉ አይገባም፤ ታሽገው በባለቤቱ ካዝና ይቀመጡ።

ሁለተኛው መድኃኒት ውሉ ነው። ክላውድ የሚተክል ባለሙያ ወይም ድርጅት የመጨረሻውን ክፍያ የሚቀበለው፥ ማሽኑ ስለ በራ ብቻ ሳይሆን፥ ፈተናዎቹ በነጋዴው ፊት ከተፈጸሙ በኋላ መሆን አለበት። አንድ ምናባዊ ማሽን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው ተዛውሮ ሥራው መቀጠሉ ይታይ፤ ትልቅ ሰነድ ከመጋዘን ወደ ሒሳብ ክፍል ይላክ፤ ሁለቱ ኬብሎች በየተራ ይነቀሉ፤ ከውጭ ወደ ተፈቀደው ማሽን መግባት መቻሉ፥ ወዳልተፈቀደው ግን አለመቻሉ ይረጋገጥ፤ በመጨረሻም ዋናው መስመር ተቋርጦ ሰርቨሩ በሁለተኛው የማስተዳደሪያ መስመር መገኘቱ ይታይ። እነዚህ አምስት ፈተናዎች በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቁ ናቸው። ውጤታቸው በወረቀት ተጽፎ ሁለቱ ወገኖች ከፈረሙበት፥ ነገ የሚመጣው ክርክር ዛሬ አለቀ ማለት ነው።

እዚህ ላይ «ይህን ሁሉ ጣጣ ከመሸከም ክላውድ ተከራይቶ መገላገል አይሻልምን?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌክላውድ የተባለ የኪራይ አገልግሎት ያቀርባል፤ በአዲስ አበባም የግል ድርጅቶች ያቋቋሟቸው የመረጃ ማዕከሎች አሉ። አንድ ሱቅና አንድ የገንዘብ መቀበያ ብቻ ያለው ባለሱቅ የራሱን የሰርቨር ክፍል ቢያቆም፥ ለአንድ ከረጢት ቡና መጋዘን እንደ መሥራት ይቈጠራል፤ ለርሱ ኪራዩ ይሻለዋል። ብዙ መጋዘን፥ ብዙ ሠራተኛና ዘወትር የሚንቀሳቀስ ሒሳብ ያለው ቤት ግን፥ መስመር በተቋረጠ ጊዜ ሥራው በቤቱ ውስጥ እንዲቀጥል ስለሚፈልግ የራሱን ቢያቆም ምክንያት አለው። ተከራይም ቢሆን ከጭንቀቱ ሁሉ ነጻ አይወጣም። የማዕከሉ የውስጥ ስዊች የአከራዩ ኀላፊነት ነው፤ ለተከራዩ በተሰጠው ክፍል ውስጥ የሚጻፈው የጥበቃ ደንብና፥ ከሱቁ እስከ ማዕከሉ ያለው መንገድ ግን የተከራዩ ጕዳይ ሆኖ ይቀራል።

በፒያሳ ኮምፒዩተርና የኔትወርክ ዕቃ የሚሸጡ ባለሱቆችም በዚህ ነገር ድርሻ አላቸው። ደንበኛ «ከዚህ የበለጠ ከባድ ሰርቨር ስጡኝ» ብሎ ሲመጣ፥ «አሮጌው ምን አጠፋ?» ብሎ አንድ ጊዜ መጠየቅ የዛሬውን ሽያጭ ሊያሳጣ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ቍጥር ማስተካከል የዳነ ደንበኛ ያንን ሱቅ አይረሳውም፤ ያለ ጥቅም ብዙ ገንዘብ ያወጣ ደንበኛም እንደዚሁ አይረሳውም። የአራዳ ንግድ ስም ያገኘው በዕቃው ብዛት ብቻ ሳይሆን፥ ገዢና ሻጭ ለዓመታት በመተዋወቃቸው ነበር። ሱቆቹ ከቦታቸው ቢነሡም ይህ መተዋወቅ አብሮ ሊፈርስ አይገባውም።

ከ1939 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማውን ነጋዴ ያሰባሰበው የንግድ ምክር ቤትም፥ ከላይ የተዘረዘሩትን ፈተናዎችና የመዝገቡን ክፍሎች የያዘ አንድ ገጽ የርክክብ ቅጽ በአማርኛ አዘጋጅቶ ለአባሎቹ ቢያድል፥ በጥቂት ወጪ ብዙ ንብረት ያድናል። ነጋዴው ለዕቃ ርክክብ ቅጽ አለው፤ ለቤት ኪራይ ውል አለው፤ ለብድርም ሰነድ አለው። የመዝገቡ ሁሉ መመላለሻ ለሆነው ለማይታየው ስዊች ብቻ ወረቀት የሌለበት ምክንያት የለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፥ ክላውድ ለማቋቋም የሚያስብ የንግድ ቤት የመጀመሪያውን የዕቃ ማዘዣ ከመፈረሙ በፊት ደብተሩን ይክፈት፤ ያቋቋመውም ቤት ቢሆን ሁለቱን ባለሙያዎቹን በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ ቍጥሮቻቸውን ያስተያይ።